ፊልሙን በአሥር ደቂቃ አትተርኩልን

አዲስ አበባ ዳር ባለው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ማታ ማታ ከየበሩ የሚሰማው የስልክ ድምፅ ተመሳስሏል፤ የሁለት ሰዓት ፊልም በአሥር ደቂቃ ጨምቆ የሚተርክ ሰው ድምፅ ነው። ማን ማንን እንደከዳ፣ ማን እንደሞተ፣ መጨረሻው ምን እንደሆነ በጥድፊያ ይነግርና ወደሚቀጥለው ያልፋል። ልጆቻችን እራት በልተው እስኪተኙ ድረስ ሦስት አራቱን ሰምተው «አየነው» ይላሉ።

ከታሪኩ ውጣ ውረድ ሌላ ምንም የሌለው ፊልም እንዲህ ቢተረክ ብዙ አይጎዳም። የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» ሲተረክ ግን ምን ይተርፋል? በ2015 እ.ኤ.አ. በፈረንሳዩ የካን ፊልም ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። እናቱን ያጣ ልጅ አለ፤ አባቱ ሥራ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ ከነበጉ ዘመድ ቤት ትቶት ይሄዳል፤ አጎቱም በጉ ለበዓል ይታረድ ይላል። ተራኪው እዚህ ላይ ጨርሷል። እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነው። ልጁ ወጥ መሥራት ይወዳል፣ ያውቅበታልም፤ አጎቱ ደግሞ ወንድ ልጅ ማድቤት መግባቱን አይወድለትም። ልጁ ሳምቡሳ እየሠራ ገበያ ወስዶ ይሸጣል፤ ወደ አገሩ የሚመለስበትን የአውቶቡስ ገንዘብ ለማጠራቀም። ከዚህ ልጅ ጋር ረጋ ብሎ ያልተቀመጠ ሰው አጎቱን ጨካኝ ብሎት ይነሣል። የተቀመጠው ግን ቤቱ ውስጥ እህል እያለቀ መሆኑንና አጎቱም ሌት ተቀን የሚጨነቅ አባወራ መሆኑን ያያል። ሁለቱን በአንድ ልብ መያዝ ጊዜ ይጠይቃል፤ በአሥር ደቂቃ አይሆንም።

የሃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ም አለ፤ በ1976 እ.ኤ.አ. ለእይታ የበቃ፣ ጥቁርና ነጭ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ የሚፈጅ። በባላባት መሬት ላይ የሚለፋ የገበሬ ቤተሰብ ነው የሚያሳየን። ገበሬው በሬዎቹን ጠምዶ ሲያርስ ካሜራው አይቸኩልም፤ ድካሙ ለተመልካቹም እስኪሰማ ድረስ ይጠብቃል። ይህን ፊልም ከእኛ ከከተማው ዳር ነዋሪዎች የበለጠ ማን ሊያየው ይገባል? ከብሎኮቻችን ወዲያ ዛሬም ጤፍ ይዘራል፣ በሬ ይጠመዳል። ሕንፃዎቻችን የቆሙበት መሬትም ትናንት የሚታረስ ነበር። ሞፈርና ቀንበር ተሸክሞ መንገዱን የሚያቋርጠውን ሰው በታክሲ መስኮት ለአፍታ አይተን እናልፈዋለን። ፊልሙ ግን ዓይናችንን እሱ ላይ ያቆየዋል።

የእኛ ተመልካች ትዕግሥት የለውም የሚሉ የፊልም ሰዎችን ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ አልቀበላቸውም። የሠፈሬ ሽማግሌዎች የባልና ሚስት ጠብ ለማብረድ ቅዳሜ ከሰዓትን ሙሉ ይቀመጣሉ። የሁለቱንም ወገን ሳይሰሙ አይፈርዱም፤ ዝም ብሎ የሚያለቅሰውንም ይጠብቁታል። ጥሩ ፊልም የሚጠይቀው ይህንኑ ችሎታ ነው።

የጎደለን ቦታው ነው። ሲኒማ ቤቶቹ በአብዛኛው መሃል ከተማ ናቸው፤ ከዚህ ተነሥቶ የማታ ፊልም አይቶ መመለስ ለቤተሰብ የትራንስፖርቱ ወጪ ብቻውን ይከብዳል፤ ከመሸ ደግሞ ታክሲ የለም። ድሮ በጥቂት ሳንቲም ፊልም ያሳዩ የነበሩት ቪዲዮ ቤቶችም ወደ ኳስ ማሳያነት ዞረዋል።

ስለዚህ ጥያቄዬን ለእድሮቻችንና ለነዋሪ ማኅበራት አቀርባለሁ። ለቅሶና ሠርግ የምናስተናግድባቸው የጋራ ሕንፃዎች በብዙ ምሽቶች ተዘግተው ይውላሉ፤ የእድሩ ወንበርም ተደርድሮ ተቀምጧል። አንድ ፕሮጀክተር በኪራይ ይገኛል፤ ለስክሪንም ነጭ አንሶላ ይበቃል። የፊልሙን ባለቤቶች ፈቃድ መጠየቅና ተገቢውን መክፈል ግን ግድ ነው፤ በተሰረቀ ቅጂ መጀመር የለብንም። ፊልም ሠሪዎቻችንም የማሳያ ዋጋውን የሠፈር ሰው በሚችለው ልክ ቢያደርጉልን፣ ከተቻለም መጥተው ከእኛው ጋር ቢያዩ ደስ ይለናል። ለመጀመሪያው ምሽት «ላምብ»ን እመርጣለሁ። ልጆቹም ይምጡ፤ ስልኮች በር ላይ ይሰብሰቡ፤ ፊልሙ ሲያልቅም መብራቱ በርቶ ስለ አጎትየው እንከራከር።