ሦስት ቀን ለሁለት ሰከንድ

እስቲ ልተንፍስ፣ ካልተነፈስኩ ልፈነዳ ነው።

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ኮፒ ቤት ነው የምሠራው። ስድስት ኮምፒውተር አለን። የተማሪ ፍላሽ በቫይረስ ሲያስለቅሰን ሁሉም ላይ በዊንዶውስ ፋንታ ኡቡንቱ የሚባለውን ሲስተም ጫንኩና ተገላገልን። ባለፈው ሳምንት ባለቤቱ ጋሼ መጡና "ልጄ፣ ይሄ ማሽን ሲከፈት የሰው ስም ነው የሚያወጣው። የኛን ሎጎ አርግበት" አሉኝ። "አብሽሩ ጋሼ፣ የአንድ ሰዓት ሥራ ናት" አልኩ። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው!

ሎጎውን በቴሌግራም ላኩልኝ። ጦሳ ተራራ፣ ከሥሩ ጀበና። (ኮፒ ቤትና ጀበናን ምን እንዳገናኛቸው እሳቸው ይወቁ።) ቴሌግራም እንደ ፎቶ የላኩበትን ጄፔግ የሚባል የምስል ፋይል ያደርገዋል። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ምስል የሚያሳየው ፕላይማውዝ ደግሞ ጄፔግ አይወድም፣ ፒኤንጂ የሚባለውን ሌላ ዓይነት ካልሰጡት ወይ ፍንክች። እኔ ጅሉ የፋይሉን ስም ብቻ ቀየርኩ። ስሙን ቢቀይሩት ጄፔግ ያው ጄፔግ ነው። ስክሪኑ ጥቁር። ግማሽ ቀን በላ።

ምስሉን የት እንደሚያሳይ ለፕላይማውዝ የሚነግረው ስክሪፕት እኮ አሥር መስመር አይሞላም! ምስሉን ጥራ፣ የስክሪኑን ስፋት ጠይቅ፣ የምስሉን ቀንስ፣ ለሁለት አካፍል፣ መሀል ላይ አስቀምጥ። ጻፍኩ፣ ሪስታርት አደረግኩ፣ የድሮው የኡቡንቱ ምልክት ወጣ። አስተካከልኩ፣ ሪስታርት፣ አሁንም እሱው። ፋይሉን ከፍቼ አየዋለሁ፣ የኔው ነው። ስክሪኑ ላይ የለም። ራሴን ተጠራጠርኩ።

ለካ ያቺ ምስል የምትወጣው ዲስኩ ገና በወጉ ሳይከፈት ነው። ምስሉም ስክሪፕቱም የሚነበቡት ኢኒትራምኤፍኤስ ከሚባል፣ ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) ይዞት ከሚነሳ ትንሽ ጥቅል ውስጥ ነው። ፎልደሩ ውስጥ ሰማይና ምድር ብትገለብጥ ጥቅሉ አሮጌውን ይዞ ቁጭ ብሏል። አንዲት ነጥብ በቀየርክ ቁጥር ጥቅሉን እንደገና ማሠራት አለብህ። ይሄን ያወቅኩት በሁለተኛው ቀን ማታ ነው። ደስ ብሎኝ ትእዛዙን ሰጠሁ፣ ግማሽ ላይ ሳለ መብራት ድርግም!

በሦስተኛው ቀን "እንኳን ደህና መጡ" የሚል ጨመርኩበት። ያው እንደምትገምቱት፣ የሳጥን ሰልፍ። የግዕዝ ፊደሉ ፎንት ጥቅሉ ውስጥ የለማ! ጽሑፉን ራሱን ምስል አድርጌ አስገባሁት። መጣ። ጦሳ መጣ፣ ጀበናው መጣ፣ እንባዬም ሊመጣ ነበር።

ጋሼን ጠራኋቸው። መነጽራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው፣ በጋቢያቸው ጠርገው፣ አድርገው ቀና ሲሉ ሎጎው ሄዷል። አምና ኤስኤስዲ የሚባለውን ፈጣን ዲስክ ስላስገባንላቸው ማሽኖቹ እንደ ጥይት ነው የሚነሱት። ሎጎው ሁለት ሰከንድ ቢታይ ነው።

"የታለ?"

"አለፈ ጋሼ።"

ደግሜ አስነሳሁላቸው። ይሄኛውን አዩት። ዝም ብለው ቆዩና ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? "ትንሽ ቀርፈፍ አታረገውም?"

ኤስኤስዲው እንዲገዛ ሁለት ወር የለመንኳቸው እኔ ነኝ እኮ! አሁን በገዛ እጄ አሥር ሰከንድ ጠብቅ የሚል መስመር ጨምሬ ስድስቱም ላይ ጭኛለሁ። ዛሬ ጠዋት አንዲት ተማሪ መመረቂያ ጽሑፏን ልታስወጣ ቸኩላ ቆማ፣ ጦሳን አየች፣ ጀበናውን አየች፣ እኔን አየችኝ።

"ወንድሜ፣ ይሄ ነገር ስታክ አደረገ እንዴ?"