«አትንኩት» ያላችሁት መኪና

«ጎርፍ የገባበት የኤሌክትሪክ መኪና ሬሳ ነው። ሬሳ ደግሞ ቤት አይቀመጥም።»

ይህን ያለን ቄስ አይደለም። የአንድ መኪና አስመጪ ድርጅት የቴክኒክ ኃላፊ ነው። ባለፈው ሳምንት ከታናሽ ወንድሜ ጋር ቢሮው ሄደን፣ ቁጭ በሉ እንኳን ሳንባል፣ ቆመን ነው የሰማነው። አጠገቡ ያሉት ልጆች ሳቁ። እኔን ግን ይኸው እስካሁን ያንገበግበኛል።

ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ነሐሴ ላይ የወረደው ዶፍ ወንዙን ሞልቶ ወንድሜ ግቢ ገባ። መኪናው በቆመበት እስከ መቀመጫው ሰጠመ። ጎረቤት እንደነገረን ውሃው ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ወረደ፤ ጭቃውን ትቶልን። ኢንሹራንሱ «ሙሉ ዋስትና» የሚባለው ነው። ውሉ ሲገላበጥ ግን ጎርፍ «አይመለከተንም» ከሚለው ዝርዝር ውስጥ ተገኘ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም። አስመጪው ደግሞ አንጠግንም አለ። ዕቃም አንሸጥላችሁም። እናንተም እንዳትነኩት፣ ሌላ ጋራዥም እንዳይነካው። ታዲያ ምን እናድርግ? አዲስ የገባ ሞዴል አለ፣ እሱን እዩት ተባልን።

እኛ ግን ነካነው። እዚያው ግቢ ውስጥ፣ በገዛ እጃችን።

ኃላፊው ሊያስፈራራን ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ ከፈተ። ፍሎሪዳ ውስጥ ጎርፍ የገባበት መኪና ሲነድ ያሳያል። «ቤታችሁን ልታቃጥሉ ነው?» አለን። እሺ፣ ስለ ፍሎሪዳ እናውራ። እ.ኤ.አ. በ2022 ኢያን የተባለው አውሎ ነፋስ ፍሎሪዳን ሲመታ ወደ ከተማ የወጣው ባሕሩ ነው። የአሜሪካ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት ባወጣው ግምት ከ3,000 እስከ 5,000 የሚሆኑ የኤሌክትሪክ መኪኖች ተጎድተው 36ቱ በእሳት ተያይዘዋል። ከመቶ አንድ ገደማ ማለት ነው። እነሱስ ቢሆኑ ለምን ነደዱ? በጨው ምክንያት ነው። የባሕር ውሃ ባትሪ ውስጥ ከገባ ውሃው ደርቆም ጨዉ ይቀራል። ጨዉ በፖዘቲቭና በኔጌቲቭ መሃል ድልድይ ይሠራል። ኤሌክትሪኩ በድልድዩ ይሻገራል፣ ሴሉ (ባትሪው የተሠራበት ትንሹ ክፍል) ይግላል፣ ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላም እሳት ይነሳል።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው ያለችው። ከእንጦጦ የወረደ ጎርፍ ጭቃ አለው፣ ፌስታል አለው፣ የሽንት ቤት ፍሳሽም አለው (ይቅርታ፣ ግን አለው)። ባሕር ግን የለውም። የባሕር በር ካጣን ሠላሳ ዓመት አልፎናል። ወደቡ ቀርቶብን የባሕሩን ስጋት ብቻ አስገቡልን፣ ያውም ከቀረጥ ነፃ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ ታገሱኝ።

«የኤሌክትሪክ መኪና ውሃ ገባበት» ሲባል ሰው ሁሉ የሚታየው ትልቁ ባትሪ ነው። ከመኪናው ሁሉ ለውሃ የተዘጋጀው ግን እሱ ነው። ከወለሉ ሥር በብረት ሳጥን ታሽጎ፣ ዙሪያው በጎማ ተደፍኖ ተቀምጧል። አብዛኞቹ አምራቾች አይፒ67 የሚባለውን ደረጃ ይሰጡታል። አንድ ሜትር ጥልቀት ባለው ውሃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ይቋቋማል ማለት ነው። የወንድሜ መኪና ውስጥ ውሃው እስከ መቀመጫ ነው የደረሰው፣ ለሃያ ደቂቃ። ሂሳቡን እናንተ ሥሩት።

ውሃው የገባው ሰው የሚቀመጥበት ቦታ ነው። ምንጣፉ ሥር ወፍራም ስፖንጅ አለ። መቀመጫዎቹን ፈትተን ምንጣፉን ስናነሳ ስፖንጁ ውሃ እንደጠጣ ጋቢ ከብዶ ለሁለታችን አስቸገረን። ገመድ ላይ ሰቅለን ስንጨምቀው ቡና የመሰለ ውሃ ሁለት ባልዲ ሞላ። ጎርፉ ካለፈ አሥራ አንድ ቀን ሆኖታል እንግዲህ።

አሥራ አንድ ቀን ምን ስንጠብቅ ነበር? «እንዳትነኩት፣ ባለሙያ እንልካለን» ተብለን ነዋ። ባለሙያው መጣ። ከሌላ ባትሪ ኃይል ሰጥቶ መኪናውን ቀሰቀሰው። ኮምፒውተሩን ሰካ፣ «62 ብልሽት» የሚል ወረቀት አወጣ፣ ሄደ። ምንጣፉን ገለጥ አድርጎ እንኳን አላየም። ውሃ የጠጣ ኤሌክትሮኒክስ ላይ ሳይደርቅ ኃይል አይላክም። ስልኩ ሽንት ቤት የወደቀበት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ እንኳን ይህን ያውቃል። መጀመሪያ ያጠፋል፣ ከዚያ ሩዝ ፍለጋ ይሮጣል። ሩዙ ባይሠራም ማጥፋቱ ልክ ነው። እኛን «ተራ ሰው አይነካውም» የሚሉን ሰዎች ግን የላኩት ባለሙያ እርጥብ መኪና አብርቶ ሄደ።

በእነዚያ ቀናት ምን ሲሆን እንደከረመ ከሾፌሩ መቀመጫ ሥር አየሁት። የመቀመጫውን ሞተር የሚያገናኝ ጥቁር ሶኬት አለ፣ አውራ ጣት የምታህል ናት። ነቅዬ ሳያት ውስጧ አረንጓዴ አብቅሏል። ከስምንቱ የመዳብ እግሮች ሁለቱን በጥርስ ብሩሽ ገና ሳልጠርጋቸው ተፈረፈሩ። በመጀመሪያው ቀን ተነቅላ፣ በንጹሕ ውሃ ታጥባ፣ በአልኮል ተጠርጋ፣ በእህቴ የፀጉር ማድረቂያ ብትነፋ ኖሮ አንድም ነገር አትሆንም ነበር። ጎኗ ያሉትን፣ ትንሽ ከፍ ብለው የተሰኩትን፣ በዚሁ መንገድ አትርፈናቸዋል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው። ዝገት ቀጠሮ አያከብርም። ደብዳቤ እስኪፈረም አይጠብቅም። ውሃው ሃያ ደቂቃ ቆየ፣ «አትንኩት» አሥራ አንድ ቀን። መኪናውን ማን ጎዳው?

እነዚያ 62 ብልሽቶችም ጉዳቸው ወጣ። የኤሌክትሪክ መኪና ከትልቁ ባትሪ ሌላ እንደማንኛውም መኪና ትንሽ የ12 ቮልት ባትሪ አለው። እሷ ስትደክም በመኪናው ውስጥ ያሉት ሞጁሎች (ትንንሾቹ ኮምፒውተሮች) ሁሉ መንጫጫት ይጀምራሉ። አንዱ ሌላውን አልሰማሁትም እያለ ይከሳል። ሁሉንም ካደረቅን በኋላ አዲስ የ12 ቮልት ባትሪ ስንገጥም 62ቱ ዘጠኝ ሆኑ። ማገናኛዎቹን አንድ በአንድ ስናጸዳ አራት። የወንበሩን ሶኬት ከሶማሌ ተራ ባገኘናት ስንቀይር አንድ። ወደዚያች አንዷ እመለሳለሁ።

«400 ቮልት ተራ ሰው አይነካም» ይላሉ። ልክ ነው፣ አይነካም። እኛ ጋ የመጣው ግን ዕድሜውን መብራት ኃይል በ15 ሺህ ቮልት መስመር ላይ ጨርሶ ጡረታ የወጣ የሰፈራችን ሰው ነው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንለው። መጀመሪያ ያደረገው ሁላችንንም ከመኪናው ማራቅ ነበር። የ12 ቮልቱን ባትሪ ፈታ። እስከ 1,000 ቮልት የሚችለውን የጎማ ጓንት አወጣ፤ ሳያጠልቀው በፊት እንደ ፊኛ ነፍቶ ቀዳዳ እንዳለው ጆሮው ሥር አድርጎ ፈተሸ። የከፍተኛ ቮልቴጁን ማቋረጫ ነቀለና ኪሱ ከተተው። «ይህ ኪሴ ውስጥ እስካለ ማንም አያበራውም» አለ። ከዚያ የባትሪውን ኃይል ለሞተሩ የሚቀይረው ኢንቨርተር ውስጥ የተጠራቀመው ኃይል እስኪወርድ አሥር ደቂቃ ቁጭ አልን። ሻይ ቀረበ። ሻይው አልቆ ሲለካው ዜሮ ነው። ከዚያ ብርቱካናማ ቀለም ያላቸውን ኬብሎች ፈትቶ በሜገር ፈተሻቸው፤ ሽፋናቸው ኤሌክትሪክ እንዳያፈስ ምን ያህል እንደሚከላከል የሚለካ መሣሪያ ነው። የሚፈለገው ለእያንዳንዱ ቮልት 500 ኦም ነው፣ ለ400 ቮልት 200 ሺህ ማለት። እሱ ያገኘው ከ2 ሚሊዮን በላይ። የአስመጪው ባለሙያ ጓንት እንኳን አልነበረውም፤ ይህንን ደጋግሜ ብናገር አይሰለቸኝም።

አንድ ነገር እቀበላለሁ። ትልቁ ባትሪ ራሱ ውስጥ ውሃ ከገባ ግቢ ውስጥ አይከፈትም፣ ማንም ምንም ቢል። መኪናው እስኪረጋገጥ ድረስም ከቤት ወደ 15 ሜትር ይራቅ የሚለው የአሜሪካኖቹ ምክር ተገቢ ነው። እኛም አርቀነዋል። ችግሩ ከእኛ ቤት ስናርቀው የጎረቤታችን አጥር ሥር ደረሰ። እትዬ እስካሁን አኩርፈውናል።

ከዚህ ያለፈውን ግን አልቀበልም። ጉዳዩ ደህንነት አይደለም፣ ገበያ ነው። በ2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ከእንግዲህ አይገባም ሲሉ ካጨበጨቡት አንዱ ነኝ። አሁንም አልጸጸትም። ነዳጁ የሚገዛው በዶላር ነው፣ መብራቱ የራሳችን ነው። ለእነዚህ መኪኖች ሲባል ተገጣጥሞ ለሚገባው ቀረጡ 15 ከመቶ፣ በከፊል ተበትኖ ለሚገባው 5 ከመቶ፣ ሙሉ ለሙሉ ለተበተነው ዜሮ ተደረገ። ኤክሳይዙም ተነሳ። አገር ይህን ሁሉ ገቢ የተወችው አስመጪ መኪና ሸጦ እጁን እንዲታጠብ ነው? ቀረጡን ሲቀንሱለት «ለአገር ነው» ያለ ሰው፣ ብሎን ሽጥልን ሲሉት «ፖሊሲያችን አይፈቅድም» ይላል። ሐምሌ 2016 ላይ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነ ወዲህ መኪና ማለት የአንድ ቤተሰብ የዕድሜ ልክ ቁጠባ ነው። ያንን ነው እንደ ቀልድ «ሬሳ» የሚሉት።

ደግሞ ለማን ነው የሚነግሩት? የሶቪየት ላዳን ለአርባ ዓመት በሽቦና በጸሎት ታክሲ አድርጋ ለነዳች ከተማ። ከቻይና በቻይንኛ የመጣውን የቮልስዋገን አይዲ ፎር መኪና ሜኑ ወደ እንግሊዝኛ ቀይረው የሰጡን እኮ አስመጪዎቹ አይደሉም፣ ላፕቶፕ የያዙ ልጆች ናቸው። አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ ሪች ቤንዋ የሚባል ሰው ጎርፍ የበላው ቴስላ ገዝቶ፣ ኩባንያው ዕቃ አልሸጥልህም ሲለው ሌላ የተጎዳ ቴስላ ገዝቶ ከሁለቱ አንድ መኪና አስነስቷል። በዚያው ግዛት እ.ኤ.አ. በ2020 ሕዝቡ ድምፅ ሲሰጥ ከአራቱ ሦስቱ ያህል የመኪናው መረጃ ለባለቤቱና ለመረጠው ጋራዥ ይከፈት ብለዋል። ፍሎሪዳን በስልኩ ያሳየን ሰውዬ ማሳቹሴትስን ቢያሳየን ምን ነበረበት?

አሁን ወደ ቀረችው አንዷ ብልሽት። የኤርባግ ሞጁል ናት። ከመሃለኛው ኮንሶል ሥር፣ ወለሉ ላይ ናት፣ ስለዚህ ውሃ ጠጥታለች። ይህችን አድርቀን አንመልሳትም አልን። ስትፈለግ ላትፈነዳ፣ ሳትፈለግ ልትፈነዳ ትችላለች። አውልቀን ጣልናት። ጓንግዡ የሚመላለስ ነጋዴ አዲስ አመጣልን፣ በታሸገ ሳጥን። ገጠምናት። መኪናው ግን አላውቃትም አለ። በአምራቹ ሶፍትዌር ከመኪናው ጋር መተዋወቅ አለባት። ላፕቶፕ ያላቸው ልጆች ሞክረው አልቻሉም። ሶፍትዌሩ ያለው አስመጪው ጋ ነው። ሥራው፣ የሚያውቁ ሰዎች እንደነገሩን፣ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ክፍያውን እንከፍላለን አልን። «ጎርፍ የነካው መኪና ሲስተማችን ላይ አይገባም፣ ለደህንነታችሁ ነው» አሉን።

ለደህንነታችን ሲባል ኤርባጉ የማይሠራ መኪና እየነዳን ነው። ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ቻርጅ ያደርጋል። የትልቁ ባትሪ ሴሎች ቮልቴጅ እኩል ነው፣ ሁለት ጊዜ አይተናል። ክሩስኮቱ ላይ አንዲት ቀይ መብራት ብቻ አልጠፋ ብላለች፤ የምታጠፋዋ ቁልፍ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቆልፎባታል።

ረቡዕ ጠዋት ተመልሰን እንሄዳለን። የምንሄደው በሬሳው ነው።