የንስሐ አባቴ ስልኬ ውስጥ የሉም

ከወንድሜ ጋር በእናታችን ቤት ሽያጭ ተጣልተን ሦስት ወር ሳንነጋገር ቆየን። እኔ ቨርጂኒያ እሱ አዲስ አበባ። ለንስሐ አባቴ ልደውል እልና ከስራ ስገባ ይመሻል፣ እውነቱን ለመናገር ደግሞ አፍራለሁ። ስለዚህ አንድ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ስልኬን አወጣሁና ለአንዱ የኤአይ (የሰው ሰራሽ አስተውሎት) ቻትቦት ነገሩን ሁሉ በአማርኛ ዘረገፍኩለት።

መልሱ ማር ነው። ብትናደድ አይፈረድብህም፣ ለራስህ ሰላም ስትል ለጊዜው ብትርቀው ችግር የለውም አለኝ፣ ከመጽሐፈ ሲራክም ጥቅስ ጨመረልኝ። ጠዋት ገልጬ ሳየው ምዕራፉ አለ፣ ያለው ቁጥር ግን የለም።

የጥቅሱ ስህተት ይሁን፣ ሰባኪም ይሳሳታል። እኔን የሚያሳስበኝ ማሩ ነው። እነዚህ ነገሮች ሲሰለጥኑ ሰው የወደደው መልስ ነው ነጥብ የሚያገኘው፣ ስለዚህ አዎ ማለት ይቀናቸዋል። ቻትጂፒቲ የሚባለውን ቻትቦት የሰራው ኦፕንኤአይ እንኳን እኤአ በ2025 ኤፕሪል ላይ ቻትቦታችን ሰውን ማሞካሸት አበዛ ብሎ አዲሱን አፕዴት መልሶ አንስቶታል። በ2024 ደግሞ አሜሪካ ያሉ ካቶሊኮች "ፋዘር ጀስቲን" የሚባል የኤአይ ቄስ ሰርተው ነበር፣ በችግር ጊዜ ሕፃን በጌቶሬድ ማጥመቅ ይቻላል ወይ ሲባል ይቻላል ብሎ አረፈው (ጌቶሬድ ስፖርተኛ የሚጠጣው ነው!)፣ በቀናት ውስጥ ቅስናውን ገፈው ተራ ጀስቲን አደረጉት።

እኔ ቴክኖሎጂ የሰይጣን ነው ከሚሉት አይደለሁም። ጥቅስ የት ጋር እንዳለ ልጠይቀው እችላለሁ፣ ገልጬ እስካረጋገጥኩ ድረስ። የኛው ጃንደረባ እኮ በሐዋርያት ሥራ 8 ላይ መጽሐፉ እጁ ላይ ነበር፣ ኢሳይያስን እያነበበ ነው፣ ፊልጶስ ታስተውለዋለህ ወይ ሲለው ግን የሚመራኝ ሳይኖር እንዴት ይቻለኛል ነው ያለው፣ ከዛ ሰረገላው ላይ ወጥቶ አብሮት እንዲቀመጥ ለመነው። ፊልጶስም ተቀመጠ፣ ውሃው ጋ ሲደርሱም አብሮት ወረደ። ቻትቦቱ ከኔ ጋር የትም አይወርድም፣ በማግስቱ ስለኔ አይጨነቅም፣ ስገድ ብሎ ቀኖና አይሰጠኝም፣ ቢሰጠኝስ ማን ይሰግዳል?

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አባን አገኘኋቸው። ገና ሳልጨርስ

"ደውለህለታል?" አሉኝ።

"አባ ጥፋቱ እኮ የሱ ነው።"

"እሱን አልጠየቅኩህም ልጄ። ደውልለትና ከዛ ና።"

መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ የሚለው የማቴዎስ ቃል ነው፣ መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፣ ግን ዓይን ዓይኔን እያዩ ሲሉኝ ሌላ ነው። በጣም ነው የተናደድኩት። መስቀል አሳልመውኝ ከኋላዬ ወደቆመችው ሴትዮ ዞሩ።

ሰኞ ጠዋት ወደ ስራ ስሄድ መኪና ውስጥ ሆኜ ደወልኩ፣ አላነሳም። ማክሰኞ አነሳ። ስለ ቤቱ አሁንም አልተስማማንም።