ስለ ኤሊ ኪልደን አጀማመር አንድ ነገር ልጨምር

ስለ ኤሊ ኪልደን የተጻፈውን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። ግን የእንግሊዟ ራግቢ ተጫዋች ኤሊ ኪልደን ለስኬት የበቃችው በተፈጥሮ ፍጥነቷ ብቻ ነው ማለቱ ትንሽ አላሳመነኝም። ፍጥነትማ ብዙዎች አላቸው።

ልጅቷ በትውልድ ከተማዋ በኪትሊ ራግቢ የጀመረችው ከወንዶች ጋር ነው። ጎትቶ የሚጥላት በበዛ ቁጥር ማምለጥን ትማራለች፣ ሌላ ምርጫ የላትም! አሁንም ስትሮጥ እግሯን ሳይሆን ትከሻዋን እዩት። ወደ ግራ ያዘነበለች መስላ ተከላካይዋን ታታልልና በቀኝ በኩል ውልቅ ትላለች።

ለብሔራዊ ቡድኑ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰለፈችው እ.ኤ.አ. በ2017 ከካናዳ ጋር በተደረገ ጨዋታ ነው፣ ገና በ18 ዓመቷ። ተቀይራ ገብታ ትራይ (ኳሷን ከተጋጣሚ የመጨረሻ መስመር ጀርባ መሬት ላይ በማሳረፍ የሚገኝ ነጥብ) አስቆጠረች። ጽሑፉ የዘለለው ግን ይኼን ነው፦ የእንግሊዝ ሴቶች በ15 ተጫዋቾች ራግቢ የሙሉ ጊዜ ኮንትራት ያገኙት በ2019 መጀመሪያ ነው። ስለዚህ ያኔ ማልያውን መልበስ እንጀራ ይሆናል ብሎ መተማመን አይቻልም ነበር። ስንቷ ጎበዝ እዚህ ጋ ተስፋ ቆርጣ ቀርታ ይሆን?

በ2024 የዓለም ምርጥ ተጫዋች ተባለች። በ2025 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ደግሞ መጀመሪያ ያስቆጠረችው ካናዳ ስትሆን አቻ ያደረገችው እሷው ናት። ከመሀል ተነስታ ተከላካዮቹን እያለፈች ብቻዋን ነጎደች። እንግሊዝ 33 ለ 13 አሸነፈች። ቪዲዮውን ፈልጋችሁ እዩት፣ ትከሻዋን ማየት አትርሱ።