ውዳሴ ስክሪን ፕሮቴክተር

የከተማችን ሰው ንብረት መያዝ አያውቅም እያሉ የሚያሙት ወገኖች አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ ቱሉ ዲምቱ ወጣ ብለው፣ ወደ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም በሚወስደው መንገድ ዳር በተተከሉት ጃንጥላዎች ሥር የሚከናወነውን ሥራ ቢመለከቱ ኖሮ አፋቸውን በያዙ ነበር። እዚያ ሕዝባችን ስለ ነገ ሲጨነቅ ይታያል፤ የሚጨነቀው በእርግጥ ስለ ስልኩ ነገ ነው።

የስልክ መስታወት እንደዋዛ የሚሠራ ነገር አይደለም። ኮርኒንግ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2007 ለወጣው የመጀመሪያው አይፎን ያቀረበውና ጎሪላ ግላስ እየተባለ የሚታወቀው መስታወት፣ 400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሚሞቅ የቀለጠ የፖታሲየም ጨው ውስጥ ይነከራል፤ ከገጹ አየን የሚባሉት ትናንሾቹ የሶዲየም ቅንጣቶች ይወጡና በለቀቁት ቦታ ትላልቆቹ የፖታሲየም አየኖች እየተጋፉ ይገባሉ፤ ገጹም በዚህ መጨናነቅ የተነሳ በቀላሉ የማይሰነጠቅ ይሆናል። ተጋፍቶ መቀመጥ እንደሚያጠነክር ለሚኒባስ ታክሲ ተሳፋሪ ማስረዳት አያስፈልግም። ይህ ሁሉ የተደከመበትን መስታወት የእኛ ሰው ከካርቶኑ እንዳወጣው፣ ጣቱን እንኳን በወጉ ሳያሳርፍበት፣ በሌላ መስታወት ይሸፍነዋል። ከፋብሪካው ተለጥፎ የመጣ ቀጭን ላስቲክ ካለም እሱን ሳያነሱ ከላዩ ማስለጠፍ የሚመርጡ ጥንቁቆች አሉ። ሊቃውንቱ የሠሩትን ነገር ለዓይን እስኪሳሳ ድረስ ማክበር ማለት ይህ ነው።

የለጣፊዎቹም ጥበብ ምስጋና ይገባዋል። ደንቡ የሚያዘው አቧራ በሌለበት ክፍል እንዲለጠፍ ነው፤ እንዲያውም አንዳንድ አዋቂዎች መታጠቢያ ቤት ገብታችሁ ሙቅ ውኃ ልቀቁ፣ እንፋሎቱ ብናኙን ወደ መሬት ያወርደዋል ብለው ይመክራሉ። ውኃ በፈረቃ በሚደርሰው አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው ይህን ምክር ሰምቶ በትሕትና ወደ መንገድ ዳር ይወርዳል። እዚያም ገልባጭ መኪናዎች አቧራውን እያስነሱ በሚያልፉበት ቦታ፣ ወጣቱ ስልኩን አልኮል በነካው ጨርቅ ይወለውላል፤ በደረቅ ጨርቅ ይደግመዋል፤ ብናኙን በተለጣፊ ወረቀት እየነካካ ያነሳል፤ ይህን ሁሉ በጥንቃቄ ከፈጸመ በኋላ አፉን አስጠግቶ እፍ ይልበታል። የፕሮቴክተሩን ላስቲክ ልጦ ሲያሳርፈው ማጣበቂያው ከመሀል ወደ ዳር እየተስፋፋ ይሄዳል፤ የከበቡት ደንበኞችም ትንፋሻቸውን ይውጣሉ። የቀረችውን አረፋ ጊዜው ባለፈበት የባንክ ካርድ እየገፋ ያስወጣታል፤ አልወጣም ያለችውን ደግሞ «እሷ ነገ በራሷ ትጠፋለች» ብሎ ያሰናብታታል። አረፋዋ ሥር የተቀመጠችው የሰፈራችን አቧራ ናትና በራሷ የምትጠፋበት ቀን የለም።

ስለ ጥራቱም ማስረጃው በካርቶኑ ላይ በትልቁ ተጽፏል፤ «9ኤች» ይላል። ትምህርት የቀመሰው ገዢ ይህን ሲያይ ጀርመናዊው ፍሬድሪክ ሞስ ያወጣውን፣ አልማዝን 10ኛ ላይ ያስቀመጠውን የማዕድናት ጥንካሬ መለኪያ ያስታውሳል፤ ያልቀመሰውም ቢሆን ከ10 ዘጠኝ ማምጣት ጉብዝና መሆኑን ያውቃል። ነገሩ ግን የመጻፊያ እርሳስ ነው። 9ኤች በእርሳስ መለኪያ የጠንካራው እርሳስ ደረጃ ሲሆን፣ ፈተናውም እርሳሱን በ45 ዲግሪ አዘንብሎ ገጹን መጫር ነው፤ እርሳሱ ምልክት ካልተወበት አለፈ ይባላል። ስለዚህ ስልኩን ከእርሳስ ጋር በአንድ ኪስ ለሚይዝ ተማሪ ይህ ፍጹም ዋስትና ነው። በሞስ መለኪያ 7ኛ ላይ የሚገኘውና በተራ አሸዋ ውስጥ የሚበዛው ኳርትዝ መስታወትን ይጭራል የሚሉ አሉ። ገልባጭ መኪና ሌት ተቀን አሸዋ በሚያራግፍበት ሰፈር አሸዋ ወደ ስልክ ይደርሳል ብሎ መስጋት ግን ጨለምተኝነት ነው።

ፕሮቴክተር ጥቅም የለውም የሚል ካለ እኔ አልተባበርም፤ ስልክ በግንባሩ ድንጋይ ላይ ሲወድቅ ጭረቱን፣ ብዙ ጊዜም ስንጥቁን፣ ቀድሞ የሚቀበለው እሱ ነው። የሚደንቀኝ በዙሪያው የተገነባው ሙግት ነው።

«ማዘር፣ ይሄ በመዶሻ ቢመቱት አይሰበርም።»

«ባለፈው የለጠፍክልኝም እንደሱ ተብሎ ነበር እኮ ልጄ፤ ይኸው ተሰበረ።»

«እሱማ ስልኩን አድኖ ነው የተሰበረው!»

ይህን ክርክር የትኛውም ጠበቃ አይረታውም። ካልተሰበረ ጠንካራ ነው፤ ከተሰበረ ሰማዕት ነው፤ በሁለቱም መንገድ ሌላ ይገዛል። አንዳንዱ ግን ሰማዕቱን ቶሎ አይቀብርም። በስንጥቆቹ መሀል መልእክት እያነበበ፣ አውራ ጣቱን እየቆረጠው፣ ለወራት ይዞት ይዞራል፤ «ስልክህ ተሰበረ እንዴ?» ሲባልም ቀና ብሎ «ፕሮቴክተሩ ነው» ይላል። ይህች መልስ ብዙ ሰው ከኀፍረት አድናለች፤ ዋናው ስክሪን የተሰበረበትም የሚመልሰው ይህንኑ ነውና።

ከሁሉ የረቀቀው «ፕራይቬሲ» የሚባለው ጥቁር መስታወት ነው። በውስጡ የተደረደሩት እጅግ ቀጫጭን መስመሮች ብርሃኑን ወደ ፊት ብቻ ስለሚያወጡት ከጎን ለሚያይ ሰው ስክሪኑ ይጨልማል። ከቱሉ ዲምቱ ወደ ቃሊቲ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ለሦስት በተሠራ ወንበር አራት ሆኖ የሚቀመጥ ሕዝብ፣ ትከሻውንና ሽንኩርት የያዘ ፌስታሉን ተጋርቶ መልእክቱን ብቻ መደበቁ የሚያስመሰግን ቁጥብነት ነው። መስታወቱ በቀትር ፀሐይ ከባለቤቱም ይደብቃል፤ እሱም የስክሪኑን ብርሃን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጎ ባትሪውን ከቀትር በኋላ ይሸኘዋል። ምሥጢሩ ግን እስካሁን አልወጣም። በተቃራኒው ለጋስ የሆነም ፕሮቴክተር ነበር፤ በ2012 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ሳምሰንግ በጋላክሲ ኤስ10 እና በኖት10 ስልኮቹ ላይ አንዳንድ የሲሊኮን ፕሮቴክተሮች ሲለጠፉ ያልተመዘገበ ጣት ስልኩን ሊከፍት እንደሚችል አምኖ ማስተካከያ ለመላክ ተገዷል። ገዢው ከለላ ፈልጎ ሄዶ በሩን ለጎረቤት ከፍቶ የተመለሰበት ጊዜ ነበር ማለት ነው።

የዚህ ሁሉ ጥንቃቄ ፍሬ የሚታየው ስልኩ ሲሸጥ ነው። ባለቤቱ ለዓመታት በአረፋና በስንጥቅ አሻግሮ ያየው የነበረውን መስታወት፣ ገዢው ፊት በጥፍሩ ጠርዙን አንስቶ ይገልጠዋል። ከሥሩ የሚወጣው ገጽ ጭረት የለውም፤ ሻጩም ስልኩ ይህን ያህል የጠራ ምስል እንዳለው የሚያውቀው ያኔ ነው፤ «ባልሸጠው ይሻላል እንዴ?» የሚል አሳብ ፊቱ ላይ ያልፋል። ስንት ዘመን ታቅቦ ያቆየውን ንጹሕ ስክሪን ለማያውቀው ሰው ማስረከቡ ከልግስና ሁሉ የሚበልጥ ልግስና ነው። ገዢው በበኩሉ ስክሪኑን ወደ ፀሐይ አዘንብሎ ካደነቀ በኋላ፣ ብርሃኑ ብዙ እንዳያርፍበት የሰጋ ይመስል፣ ወደ ጃንጥላው ይሮጣል። በሺዎች የሚቆጠረውን ብር ያለ ብዙ ጭቅጭቅ የተስማሙት ሁለት ሰዎች የአዲሱን ፕሮቴክተር ሒሳብ ማን ይክፈል በሚለው ላይ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲከራከሩ፣ ለጣፊው ጨርቁን አልኮል እያስነካ ያስታርቃቸዋል፤ «ግማሽ ግማሽ ክፈሉ፣ ከቨሩን እኔ እመርቃለሁ።»