ልጁን ለሀራራ አሳልፈን አንስጠው

ወገኖቼ፣ ትናንት አመሻሽ ላይ ሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ ይዤ ነበር። ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ መጣ። ደብተሩን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ከሱቅ በደረቴው አንድ ፍሬ ሲጋራ ገዛ። ሰልፉ ላይ ሠላሳ የምንሆን ትልልቅ ሰዎች ነበርን። አንድም ሰው አልተናገረም። እንዲያውም ከፊቴ የነበረው ሰውዬ ላይተር አቀበለው። እኔም ዝም አልኩ። ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው ሲጋራ መሸጥ በሕግ ክልክል ነው። አዋጁ የወጣው በ2011 ዓ.ም. ነው። ብዙዎቻችን ግን «ልጅ ነው፣ ሲያድግ ይተወዋል» ብለን እናልፋለን። ለምን በቀላሉ እንደማይተወው ልንገራችሁ።

አንጎላችን ውስጥ ያሉት የነርቭ ሴሎች መልእክት የሚለዋወጡት በአብዛኛው በኬሚካል ነው። በሁለት ሴሎች መካከል በጣም ጠባብ ክፍተት አለ። አንዱ ኬሚካሉን ወደ ክፍተቱ ይለቃል፣ ማዶ ያለው ደግሞ ተቀባይ በሚባሉ በሮቹ ይቀበላል። ከእነዚህ መልእክተኞች አንዱ አሴቲልኮሊን ይባላል። ለትኩረት፣ ለንቃትና ለትውስታ የምንፈልገው እሱን ነው። ጨዋ መልእክተኛ ነው። የተላከበትን ያደርሳል፣ ወዲያው ኢንዛይም የሚባል በታኝ ፕሮቲን ይበትነዋል፣ በሩም ይዘጋል።

ሲጋራ ውስጥ ያለው ሱስ አስያዥ ኬሚካል፣ ኒኮቲን፣ እሱን መስሎ በዚያው በር ይገባል። ጭሱ ከተሳበ በኋላ አንጎል ለመድረስ 20 ሰከንድ እንኳ አይፈጅበትም። አሴቲልኮሊንን የሚበትነው ኢንዛይም ደግሞ ኒኮቲንን አይነካውም። ስለዚህ ማንም ያልላከው መልእክት ይደጋገማል። ዶፓሚን የሚባል ሌላ መልእክተኛም ይለቀቃል። «ይህ ጥሩ ነው፣ ድገመው» የሚለውን ትምህርት አንጎላችን ውስጥ የሚጽፈው ይኸው ዶፓሚን ነው።

እኔን በጣም የሚያሳዝነኝ ቀጥሎ የሚሆነው ነው። በሮቹ መልእክቱ ሲበዛባቸው ይደነዝዛሉ። አንጎልም ተጨማሪ በሮችን ያበጃል። የአጫሽ ሰው አንጎል ከማያጨሰው ይልቅ እነዚህ ተቀባዮች የሚበዙበት ለዚህ ነው። ደም ውስጥ ካለው ኒኮቲን ግማሹ በሁለት ሰዓት ገደማ ይወጣል። ያን ጊዜ እነዚያ ሁሉ በሮች ባዶ ቀርተው «አምጣ» ይላሉ። መነጫነጩ፣ ሐሳብ መሰብሰብ ማቃቱ፣ ሀራራ የምንለው ነገር ሁሉ ከዚያ ይመጣል። «ሲጋራ ጭንቀቴን ያበርድልኛል» የምትሉ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ጠዋት ጠዋት የሚያበርድላችሁ ማታውን ራሱ ያመጣባችሁን ጭንቀት ነው።

ይህ የሚሆነው በአዋቂ ላይ ነው። የልጅ አንጎል ደግሞ ገና እየተሠራ ነው፤ ሥራው እስከ 25 ዓመት ገደማ ይቀጥላል። መጨረሻ ላይ የሚበስለው ከግንባራችን ጀርባ ያለው፣ «ተው» የሚለን ክፍል ነው። እኛ ግን «ተው» የሚለው ገና ሳይጸና፣ «ድገመው» የሚለውን በአንድ ፍሬ ዋጋ እንሸጥለታለን።

ሱቅ በደረቴ ወንድሜ፣ የዕለት እንጀራህ እንደሆነ አውቃለሁ። ማስቲካውን ሽጥለት፣ ሶፍቱን ሽጥለት። ሲጋራውን ግን ከልክለው። ወላጆች፣ ልጆቻችሁን ሲጋራ ግዙ ብላችሁ አትላኩ። ይህን የምለው ከደሙ ንጹሕ ሆኜ አይደለም። እኔ ታናሽ ወንድሜን ስንት ጊዜ ልኬዋለሁ። እኔ ካቆምኩ ስድስት ዓመት ሆነኝ። እሱ ዛሬም ያጨሳል።

ለማቆም የምታስቡም አትፍሩ። በጣም የሚከብዱት የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ናቸው። ከዚያ ሀራራው በሳምንታት ውስጥ እየላላ ይሄዳል። የበዙት ተቀባዮችም ቁጥራቸው በጥቂት ወራት ወደ ቦታው ይመለሳል። አንድ ቀን ቢያዳልጣችሁ በማግስቱ እንደገና ጀምሩ። እኔ በአራተኛው ሙከራ ነው የተሳካልኝ።

ትናንት ላይተር ያቀበልከው ወንድሜ፣ ዛሬም አመሻሽ ላይ እዚያው ሰልፍ ላይ ነኝ። ልጁ ከመጣ ቀርቤ አናግረዋለሁ። አንተ ላይተርህን ከኪስህ አታውጣ።