ረቂቁን ሳታነቡ አትማረሩ

የደሴ ሰዎች፣ ከአቦል እስከ በረካ ስለ ጎርፉ፣ ስለ ግብሩ፣ ተቆፍሮ ስለቀረው መንገድ እናወራለን። የምናወራውም አብዛኛው እውነት ነው። ግን ያ እውነት ከረከቦቱ አልፎ ውሳኔ ወደሚጻፍበት ጠረጴዛ አይደርስም። ሁልጊዜ ሰሚ ጠፍቶ ነው ብላችሁ አታሳብቡ። ረቂቅ ደንብ በቴሌግራም ተለጥፎ «አስተያየት ስጡ» ስንባል የምናደርገውን እንተዋወቃለን። ገሚሱ ፋይሉን ሳይከፍት «ለይስሙላ ነው» ብሎ ያልፋል። ገሚሱ ዘር ቆጥሮ ይሰዳደባል። አንቀጽ ጠቅሶ «ይህ በዚህ ምክንያት ይስተካከል» የሚል ሰው ብርቅ ነው።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 43፣ ማኅበረሰባችንን በሚነኩ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባችንን እንድንጠየቅ መብት ሰጥቶናል። መብቱን ሰው ሲነፍገን እንጮሃለን፤ ራሳችን ስንጥለው ግን ዝም።

ታይዋን ውስጥ በ2015 እ.ኤ.አ. በስልክ መኪና የሚያስጠራው የኡበር ኩባንያ ጉዳይ የታክሲ ነጂዎችንና ተሳፋሪዎችን አፋጦ ነበር። መንግሥት ቪታይዋን በተባለው ሂደት ጉዳዩን በኢንተርኔት ለውይይት አቀረበው። መድረኩ የመልስ መስጫ ቦታ አልነበረውም። አንዱ ሐሳቡን በአጭር ዓረፍተ ነገር ይጽፋል፤ ሌላው እስማማለሁ፣ አልስማማም ወይም ልለፈው ይላል። ለስድብ ቀዳዳ አልተተወለትም። ኮምፒዩተሩ ሰዎችን በአስተያየታቸው እየመደበ ተቃራኒ ወገኖች ሁሉ የተስማሙበትን ሐሳብ ለይቶ አወጣ፤ የተሳፋሪ መድን አንዱ ነበር። ከዚያ የወጣው ሐሳብ ለደንቡ ግብዓት ሆነ። ብልሃቱ የባለሙያ ነው፤ ለብልሃቱ መኖ የሆነው ግን የተራው ሰው ጭብጥ ያለው ዓረፍተ ነገር ነው። እኛ ምን እንመግበዋለን?

«የእኛ ሰፈር ቱቦ ጠባብ ነው፤ ሐምሌ ላይ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ውሃ ድልድዩ ጋ ይመለስና ከታች ያሉት ቤቶች ይገባል፤ ሥራው ከክረምት በፊት ይለቅ።» ይህን የመሰለ አስተያየት ለመጻፍ ዲግሪ አያስፈልግም። እዚያ ሰፈር የሚኖር ሰው ከመሐንዲሱ ይልቅ ያውቀዋል።

ስልክ የሌላቸው እናቶችና አባቶችስ? እዚህ ላይ የምገሥጸው እናንተን ወጣቶችን ነው። ቅሬ የምንለው እድር አለን፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የሚሰበሰብበት። ስትሰበሰቡ ረቂቁን ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው፣ የሚሉትን ሳትቆርጡ ጻፉ፣ በእነሱ ፈቃድ ላኩ። ለመውደድ ምልክት ስትሉ ሌሊቱን ሙሉ የምትነኩት ስልክ ለዚህ ግማሽ ሰዓት አያጣም።

ሰጥተንስ ቢጣልብን? ይጣላል፣ አዎ። የአይስላንድ ሕዝብ በ2011 እ.ኤ.አ. በረቂቅ ሕገ መንግሥቱ ላይ በፌስቡክ ሳይቀር አስተያየት ሰጠ፤ በ2012 ሕዝበ ውሳኔም ከመራጮቹ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ለአዲሱ ሕገ መንግሥት መሠረት ይሁን አሉ፤ ፓርላማው ግን አላጸደቀውም። ቢሆንም የሕዝቡ ቃል በጽሑፍ አለ፤ የተተወው ምን እንደሆነ ማንም አንብቦ ሊጠይቅበት ይችላል። የእኛ ቡና ላይ የቀረው ቃል የት ይገኛል?

ስለዚህ የላካችሁትን ቅጂ ያዙ። የአስተያየት መስጫው ቀን ሲያልቅ የቱ ሐሳብ ገባ፣ የቱ ቀረ፣ ለምን ቀረ ብላችሁ በቅሬያችሁ ስም በደብዳቤ ጠይቁ፤ መልስ ካልመጣም ደግማችሁ ጠይቁ።